የንጉሥ ዝቮኒሚር እርግማን፦ ምን ሆነ፣ ምንስ ተጨመረበት?

ጥያቄ፦ «ስለ ክሮኤሺያ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ንጉሥ ዝቮኒሚር ሕዝቡን ለመስቀል ጦርነት ሊያዘምት ሲል የገዛ ሰዎቹ ስብሰባ ላይ ገደሉት፤ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ረገማቸው፤ በእርግማኑም ክሮኤሺያ 900 ዓመት የራሷ ንጉሥ ሳይኖራት ቀረች የሚል አንብቤአለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ዝቮኒሚር የሮማው ጳጳስ አሻንጉሊት ስለነበር ሕዝቡ ይጠላው ነበር ይላል። የትኛውን ልያዝ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም እንዳሉ አይያዙ። የግድያውና የእርግማኑ ታሪክ የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። የጳጳሱ ነገር ደግሞ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስም ማጥፋት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከዘመን ስሌቱ እንነሳ፤ የታሪኩ ትልቁ ቀዳዳ እዚያ ነው። ዝቮኒሚር የሞተው በ1089 ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 2ኛ ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ላይ ሰዉን ወደ ኢየሩሳሌም እንዲዘምት የቀሰቀሱት በኖቬምበር 1095 ነው። የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ቀድሞ የተቀበረ ንጉሥ ማንንም ወደዚያ ሊያዘምት አይችልም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የሞከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። በ1089 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስና ኡርባን 2ኛ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ቢዛንታይን በዚያን ጊዜ በአንድ በኩል በፔቼኔግ ዘላኖች፣ በሌላ በኩል በሴልጁክ ቱርኮች ተወጥራ ነበር። ስለዚህ የጦር እርዳታ ጥያቄ ለዝቮኒሚርም ደርሶት ይሆናል፣ ስብሰባውም ለዚያ ተጠርቶ ይሆናል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ይህን የሚያሳይ አንድም የዘመኑ ደብዳቤ የለም። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን «ሆነ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ልብ ወለድ ነው።

ታሪኩ ከየት መጣ? የክሮኤሺያ ዜና መዋዕል ከሚባል ጽሑፍ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድሚኔ ፓፓሊች የሚባል የስፕሊት ከተማ መኳንንት አንድ የቆየ መጽሐፍ አግኝቶ ገለበጠ። የክሮኤሺያ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው የዚያው ከተማ ሰው ማርኮ ማሩሊች በ1510 ወደ ላቲን መለሰው። የፓፓሊች ግልባጭ ጠፍቷል። ዛሬ ያለው የክሮኤሺያኛ ቅጂ በ1546 የተገለበጠ ሲሆን የሚገኘውም በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ነው። ንጉሡ ከሞተ 457 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዋናው ጽሑፍ ከቅጂው እንደሚቀድም ግልጽ ነው፤ ሆኖም የዓይን ምስክር ቃል አይደለም።

ዜና መዋዕሉ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው። ከጳጳሱና ከንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ መጣ። ዝቮኒሚር ሕዝቡን ኮሶቮ በሚባል ሜዳ፣ «አምስቱ አብያተ ክርስቲያናት» በተባለው ስፍራ ሰበሰበ። ደብዳቤው ሲነበብ ሕዝቡ ከቤታችን፣ ከሚስቶቻችንና ከልጆቻችን ሊነጥለን ነው ብሎ ጮኸ። ጦርና ሰይፍ ይዞም ተረባረበበት። ንጉሡ በደም ተነክሮ ወደቀ። ከእንግዲህ ከገዛ ቋንቋቸው የሆነ ጌታ እንዳይኖራቸው፣ ለባዕድ እንዲገዙም ረገማቸው። አተራረኩ ልብ ይነካል፤ ጸሐፊው ችሎታ ነበረው። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ከሰው አፍ ያልጠፋው።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ይህ ኮሶቮ በክሮኤሺያ ውስጥ ክኒን ከተማ አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። ሰርቦችና ኦቶማኖች በ1389 የተዋጉበት ኮሶቮ ሌላ ነው፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስማቸው አንድ ስለሆነ ቶሎ ይምታታል።

ከዚህ ዜና መዋዕል የሚቀድም ሌላ ምስክር አለን። የስፕሊቱ ሊቀ ዲያቆን ቶማ በ1268 ነው የሞተው። የሳሎናንና የስፕሊትን ሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ጽፏል። ዝቮኒሚር የቀረው ወራሽ ሳይኖር እንደ ማንኛውም ሰው ሞተ፣ ከዚያ መኳንንቱ በሥልጣን ተጣሉ፣ አገሩም ተከፋፈለ ይላል። ስለ ግድያ አንድ ቃል አይተነፍስም። ቶማ ደግሞ ቅሌት አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ከተማውን ጳጳሳት እንኳ አይምርም። ንጉሥ በአደባባይ በገዛ ሕዝቡ ተወግቶ ቢሞትና ወሬው ስፕሊት ቢደርስ ኖሮ ይተወዋል ብዬ አላምንም። በእርግጥ ቶማም የጻፈው ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የእሱም ቃል የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ባለፉት 150 ዓመታት የክሮኤሺያ የታሪክ ምሁራን በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ በተፈጥሮ ሞት ሞተ ይላሉ። ሌሎቹ የመስቀል ጦርነቱን ነገር ጥለው ግድያውን ብቻ ይቀበላሉ፤ በመኳንንት ሽኩቻ ተገድሎ ይሆናል ነው የሚሉት። የእኔ ሚዛን ወደ ተፈጥሮ ሞቱ ያደላል። የሚቀድመው ምስክር የሚለው እሱን ነው፤ ቀጥሎ የመጣውን ነገር ለማስረዳትም ግድያ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ምን መጣ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ክሮኤሺያ የራሷን ሥርወ መንግሥት ያጣችበት እውነተኛ ምክንያት ያለው እዚህ ነው። ዝቮኒሚር ራዶቫን የሚባል ልጅ ነበረው። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ሞተ። ሚስቱ የሌና የሀንጋሪው ንጉሥ የቀዳማዊ ቤላ ልጅ ናት። ወንድሞቿ ቀዳማዊ ጌዛና ቀዳማዊ ላስሎ ተከታትለው በሀንጋሪ ነግሠዋል። ጋብቻው በተፈጸመበት ጊዜ ለዝቮኒሚር ጥሩ ከለላ ነበር። ወራሽ ሲጠፋ ግን ያው ጋብቻ ለጎረቤት ንጉሥ በር ከፋች ሆነ።

ዝቮኒሚር ሲሞት ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው 2ኛ ስቴፓን ነው። ይህ ሰው ከዝቮኒሚር በፊት የነገሠው የ4ኛ ፔታር ክሬሺሚር የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ታሞ ስፕሊት ያለ ገዳም ገብቶ ነበር። ከገዳም አውጥተው አነገሡት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1091 መጀመሪያ ላይ ሞተ። የጥንቱ የትርፒሚር ዘር በእሱ አበቃ። በዚያው ዓመት ላስሎ የእህቱን መብት ይዞ ጦር አስገባ፤ የወንድሙን ልጅ አልሞሽንም በክሮኤሺያ ላይ ሾመ። በ1094 አካባቢ ደግሞ የዛግሬብን ሀገረ ስብከት መሠረተ። ላስሎ ሲሞት የወንድሙ ልጅ ኮሎማን ጉዳዩን ቀጠለ። በ1097 ክሮኤሺያውያን ያነገሡት ፔታር ግቮዝድ ተራራ ላይ ተወግቶ ሞተ። በ1102 ኮሎማን ቢዮግራድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የክሮኤሺያና የዳልማቲያ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ደፋ።

እርግማኑን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ከዝቮኒሚር በኋላ ስቴፓን ነገሠ፤ ከእሱም በኋላ ፔታር። ሁለቱም የአገሩ ሰዎች ናቸው። እርግማን ከሆነ ወዲያው አልያዘም። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰው ግን አገሩ በውጭ ንጉሥ ሥር በሆነችበት ዘመን ይኖር ነበር። «ለምን እንዲህ ሆንን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፈለገ። ልጅ ቀድሞ ሞተ፣ የንግሥቲቱ ወንድም ገባ የሚለው መልስ ለተረት አይመችም። ደጉን ንጉሥ ገድለን ተረገምን የሚለው ግን ይመቻል።

«900 ዓመት» የሚለውም አባባል መጥራት አለበት። ከ1102 እስከ ክሮኤሺያ ነፃነቷን እስካወጀችበት እስከ 1991 ድረስ ቢቆጥሩ 889 ዓመት ይሆናል፤ ቁጥሩ የተጠጋጋው ከዚያ ነው። ግን በነዚያ ዘመናት መንግሥቱ በስም አልጠፋም። የሀንጋሪ ነገሥታት፣ ኋላም ሐብስበርጎች የሚባሉት የኦስትሪያ ገዢ ቤተሰብ፣ «የክሮኤሺያ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ እስከ 1918 ይዘው ቆይተዋል። አገሪቱም ባን የሚባል የራሷ እንደራሴና ሳቦር የሚባል የራሷ ጉባኤ ነበራት። «ያለ ንጉሥ ቀረች» ከሚሉ «ንጉሧ የሌላም አገር ንጉሥ ሆነ» ቢሉ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ኮሎማን ከ12 የክሮኤሺያ ነገዶች ጋር ውል ተዋዋለ የሚለውን ሰነድ ሲያገኙም ይጠንቀቁ። በእጃችን ያለው ጽሑፍ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የ1102 ዋና ሰነድ አድርገው አይጥቀሱት።

እግረ መንገዴን ከእኛ ጋር የሚነካካ አንድ ነገር ልንገርዎ። በሜይ 1941 የክሮኤሺያ ፋሺስቶች መሪ አንቴ ፓቬሊች ሮም ሄዶ «የዝቮኒሚርን ዘውድ» የሚደፋ መስፍን እንዲሰጠው የጣሊያንን ንጉሥ ለመነ። ዘውዱ በአካል የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። የተመረጠው የስፖሌቶው መስፍን አይሞኔ ነበር። ታላቅ ወንድሙን እናውቀዋለን። የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበረው። እሱ በዚያው ወር አምባላጌ ላይ እጁን ለእንግሊዞች ሰጠ። ታናሹ ደግሞ በስም ንጉሥ ተባለ እንጂ ዘውድ ሳይጭን በ1943 ነገሩን ተወው። የዝቮኒሚር ስም ለፖለቲካ እንዴት እንደተጎተተ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ጳጳሱ እንምጣ። ዝቮኒሚር ለሮም ታማኝነቱን መማሉ እውነት ነው፤ የመሐላው ቃል ተመዝግቦ ደርሶናል። «አሻንጉሊት» የሚያሰኘው ግን ያለበትን አጣብቂኝ ካላዩ ብቻ ነው። በ1074 እና በ1075 መካከል አሚኮ የሚባል የኖርማን መስፍን ከደቡብ ጣሊያን ተሻግሮ የዳልማቲያን ዳርቻ ወረረ፤ የክሮኤሺያንም ንጉሥ ማረከ። የተማረከው ክሬሺሚር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። ኖርማኖቹን ያባረረችው ቬኔዚያ ናት። እሷም ብትሆን ለራሷ ስትል ነው ያባረረቻቸው፤ ወዲያው የባሕር ዳር ከተሞችን ለራሷ አስማለች። በሰሜን ሀንጋሪ አለች። ዝቮኒሚር በዚህ መሃል የቆመ ባን ነበር፤ ዙፋኑን በቀጥታ የሚወርስ አልነበረም። ጦር ልኮ አገሩን የማይወስድበት፣ ቃሉ ግን ሁሉም ዘንድ የሚከብድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 7ኛ ነው።

ጎርጎርዮስም ወዳጅ ይፈልግ ነበር። ከጀርመኑ ሄንሪ 4ኛ ጋር ጳጳስ የመሾም ሥልጣን የማን ነው በሚለው ሊፋለም ጥቂት ነው የቀረው። በየአገሩ ለቅዱስ ጴጥሮስ የሚምሉ ነገሥታትን ይሰበስብ ነበር። ስለዚህ መልእክተኛው ጌቢዞን ስፕሊት አጠገብ ወዳለችው ሶሊን መጣ። በቅዱስ ጴጥሮስና በሙሴ ቤተ ክርስቲያን ለዝቮኒሚር ሰንደቅ፣ ሰይፍ፣ በትረ መንግሥትና ዘውድ ሰጠው። የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ዛሬም አለ። ቀኑ ኦክቶበር 8 ነው። ዓመቱን አንዳንድ መጻሕፍት 1076 ይላሉ፤ ዛሬ የሚበዙት 1075ን ይይዛሉ፤ እርስዎም እሱን ይያዙ።

የመሐላውን ዝርዝር ያነበበ ሰው አሻንጉሊት የሚለውን ቃል ለመጠቀም ያመነታል። ዝቮኒሚር በየዓመቱ በትንሣኤ 200 የቢዛንታይን ወርቅ ለሮም ለመላክ ቃል ገባ። ቭራና ያለውን የቅዱስ ጎርጎርዮስ ገዳም ከነንዋየ ቅድሳቱ የጳጳሱ መልእክተኞች ማረፊያ እንዲሆን ሰጠ። አሥራት እንዲከፈል፣ ካህናት በንጽሕና እንዲኖሩ፣ ድኻ፣ መበለትና የሙት ልጅ እንዲጠበቅ፣ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ፣ ሰውም እንዳይሸጥ አደርጋለሁ አለ። የባሪያ ንግድ በደራበት የአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ የመጨረሻው ቀላል ቃል አይደለም። መሐላው ራሱ ዝቮኒሚር በካህናትና በሕዝብ አንድ ድምፅ መመረጡንም ይጠቅሳል። ለጳጳሱ ገባሪ ነው? አዎ። ግን በውልና በጥቅም የገባ ገባሪ ነው።

ጥቅሙም በተግባር ታይቷል። በ1079 ቬሴሊን የሚባል ባላባት በዝቮኒሚር ላይ ሊነሳ ተዘጋጀ። ጎርጎርዮስ ደብዳቤ ጻፈበት። ሐዋርያዊው መንበር በዳልማቲያ ያነገሠውን ሰው መንካት መንበሩን መንካት ነው፤ ቅሬታ ካለህ በፍርድ ጠይቅ፤ አለዚያ የቅዱስ ጴጥሮስን ሰይፍ እመዝብሃለሁ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። 200 ወርቅ የገዛው ይህን ነበር። የውሉ ገደብም መታወቅ አለበት። ጎርጎርዮስ በ1085 ከሮም ተሰዶ ሳሌርኖ ላይ ሞተ። ላስሎ በ1091 ሲገባ ያ የሮም ከለላ አላቆመውም። ወረቀቱ የሠራው ሁለቱ ተዋዋዮች በሕይወት ሳሉ ነው።

«ሕዝቡ ይጠላው ነበር» ለሚለው ማስረጃ አላየሁም። ግድያውን የሚተርከው ዜና መዋዕል እንኳ «ደጉ ንጉሥ» ነው የሚለው። በዘመኑ ድኻ ሀብታምን አይፈራም ነበር፣ በሴቶችና በፈረሶች ላይ ያለው ጌጥ ኋላ ካለው ሀብት ሁሉ ይበልጥ ነበር እያለ ያሞግሳል። ማጋነን ነው፤ ግን የጥላቻ ቃል አይደለም።

ዝቮኒሚር የላቲን ወገን ስለሆነ በስላቭ ቋንቋ የሚቀድሱትን አስቀየመ የሚል አስተያየትም ሊገጥምዎ ይችላል። በ1060 ስፕሊት ላይ የተደረገ ሲኖዶስ የስላቭኛ ቅዳሴን ማጥበቡ እውነት ነው። የዝቮኒሚርን የግል አቋም የሚያሳየን ግን ድንጋይ ነው። ክርክ በምትባል ደሴት፣ ባሽካ አጠገብ ባለች የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን በ1851 አንድ ትልቅ የተጻፈበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገኘ። የተቀረጸው በ1100 አካባቢ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዛሬ ዛግሬብ በሳይንስና ኪነ ጥበብ አካዳሚ ይገኛል። ግላጎሊቲክ በሚባል የጥንት የስላቮች ፊደል፣ በስላቭኛ የተጻፈ ነው። አበ ምኔት ድርዢሃ «የክሮኤሺያ ንጉሥ ዝቮኒሚር» በዘመኑ ለቅድስት ሉቺያ መሬት መስጠቱን ይመዘግባል። እንግዲህ በስላቭኛ ለሚጽፉ መነኮሳት መሬት የሰጠው ያው ለሮም የማለው ንጉሥ ነው።

ከዝቮኒሚር ዘመን አጠገብ የተጻፈ እውነተኛ እርግማን ከፈለጉም እዚያው ድንጋይ ላይ አለ። ስጦታውን የሚክድ ሰው እግዚአብሔር፣ 12ቱ ሐዋርያት፣ 4ቱ ወንጌላውያንና ቅድስት ሉቺያ ይርገሙት ይላል። የእኛ ነገሥታት ለገዳም ጉልት ሲሰጡ በወንጌል ላይ የሚያስጽፉትን ውግዘት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። የሚረገመው ግን መሬት ቀሚ ነው፤ ሕዝብ አይደለም።

ስለዚህ ለጽሑፍዎ ምክሬ ይህ ነው። ስለ አሟሟቱ «በ1089 ወራሽ ሳይተው ሞተ፤ በገዛ ሰዎቹ ተገደለ የሚለው ትረካ በኋለኛ ዜና መዋዕል የሚገኝ ነው፤ የታሪክ ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል» ብለው ይጻፉ። እርግማኑን መተው አያስፈልግም፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን «አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል» ከሚል ቃል ጋር ይግባ፤ ከ1102 ጋር በ«ስለዚህ» አያያይዙት። የመስቀል ጦርነት የሚለውን ቃል ከአፈ ታሪኩ ውጭ አይጠቀሙ። «አሻንጉሊት» የሚለውን አውጥተው «ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የማለ ገባሪ ንጉሥ» ይበሉት። ቦታ ካነሰዎት ደግሞ እርግማኑን አሳጥረው ለራዶቫን አንድ ዓረፍተ ነገር ይተውለት። ስለዚያ ልጅ ከስሙና ከአባቱ ቀድሞ ከመሞቱ ሌላ ብዙ አይነገርም፤ የመንግሥቱን አቅጣጫ የቀየረው ግን የእሱ ሞት ነው።